የዶኔሊ ቤት የቁም ለቅሶ

ወጋሕታ ከደወለች ሰው ሞቷል ማለት ነው። በሲያትል ወደብ ዳር ያረጁት ወዛደሮች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ስሟ ስልካቸው ላይ ብቅ ሲል ገና ሃሎ ሳይሉ ቆባቸውን የሚያወልቁ አሉ። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ብራያን ዶኔሊ። ወይ አለማወቅ! በአባቱ ቤት አድጎ የአባቱን ቤት ሥርዓት ሳያውቅ መቅረቱ ነው ጉድ ያፈላበት።

የዶኔሊ ቤት ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጎን የተለጠፈ የአይሪሾች መጠጥ ቤት ነበር። ጠባብ ነው፣ ጨለም ይላል፣ ወለሉ ጫማ ይይዛል፣ ባንኮኒው ደግሞ ስንት ዘመን ክርን ሲደገፍበት ኖሮ ለስልሷል። ጥቁሩ ቢራ ግማሽ ድረስ ይቀዳና እስኪረጋ ይጠበቃል። የቸኮለ ካለ ሌላ ቦታ ይሂድ፣ አለቀ። ክሬን ነጂው፣ በያጁ፣ ቧንቧ ሠሪው የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ይገባል፣ አለቃውን እስኪበቃው ይሰድባል፣ አርብ አርብ በጨው የከረመ ሥጋ በጥቅል ጎመን ይበላል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ። ጌጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ግድግዳው ብቻ ነበር።

ግድግዳው የሙታን ነው። ከደንበኞቹ አንዱ ሲሞት የብራያን አባት ሽማግሌው ዶኔሊ የግድግዳ ሰዓቱን ያቆማሉ፣ መስተዋቶቹን በጨርቅ ይሸፍናሉ፣ ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት ይከፍታሉ። ፎቶው ይሰቀላል፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ከፎቶው ሥር ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። በሕይወት ያለ ሰው እዚያ ግድግዳ ላይ አይወጣም። አንድ ፎቶ ብቻ ሥርዓቱን አፍርሶ ጥግ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አንድ ትንሽ ልጅ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ፣ የወተት ብርጭቆ ይዞ፣ ፊቱ በወተት ነጭ ሆኖ ይስቃል። ብራያን ነው። እናቱ የሞተችበት አንድ ልጃቸው ነበርና ሽማግሌው ሕግ አፈረሱለት። ማን ይናገራቸዋል?

ወጋሕታ ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሷ ግን ካዛንቺስ ያደገች፣ አፏም ጠባይዋም የካዛንቺስ ነው። ወደዚያ ቤት ያመጣት ባሏ ተስፎም ነው። መርከብ ጥገና ውስጥ በያጅ ነበር፣ ማታ ማታ እዚያ አንዲት ብርጭቆ ይዞ ይቀመጣል። እሷም ዕቃ አጣቢ ሆና ገባች፣ ከዚያ ባንኮኒ ላይ ቆመች፣ እዚያው ቀረች። ተስፎም ሳንባው ከድቶት የሞተ ጊዜ እነዚያ ቀያይ ፊት ሽማግሌዎች የቀብር ኮታቸውን ለብሰው ቱክዊላ ያለው ቤቷ ድረስ መጡ። በእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ምስር ወጡን በእጃቸው እየበሉ፣ ቃሪያው እያስለቀሳቸው፣ ሦስቱንም ቀን አብረዋት ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ዶኔሊ በእናንተ አገር ሞት የሚነገረው እንዴት ነው ብለው ጠየቋት። እሷም በልጅነቷ ሰፈራቸው ውስጥ እየዞረ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው እንደነበረ ነገረቻቸው። ደስ አላቸውና፣ "እንግዲህ የኛ ጥሩምባ አንቺ ነሽ" አሏት። ከዚያ ወዲህ ከደንበኞቹ አንዱ በሞተ ቁጥር የምትደውል እሷ ሆነች። ስም ትናገራለች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ትናገራለች፣ ጥቁር ልበሱ ትላለች፣ ስልኩን ትዘጋለች።

የተስፎም ፎቶም ግድግዳው ላይ ወጣ። የመበየጃ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ጥርሱን አሳይቶ ሲስቅ ሽማግሌው ያነሱት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ወጋሕታ በየቀኑ ባንኮኒውን ስትወለውል በዚያ በኩል ስታልፍ "እንዴት አደርክ" ትለዋለች። መቃብሩ ጋ በዓመት አንዴ ብትሄድ ነው፤ ሐውልቱ ያ ፎቶ ነበር።

ከዚያማ ዘመኑ ከፋ። መርከብ ጥገናው ሠራተኛ ቀነሰ፣ የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ፣ ደንበኞቹ ገሚሱ ኪራይ ወደሚቀልበት ወደ ኬንት ተሰደደ፣ ገሚሱ ግድግዳው ላይ ወጣ። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው ሞቱ። ወጋሕታ እያለቀሰች ደወለች፣ ፎቷቸውንም በገዛ እጇ ሰቀለች። ልጃቸው ብራያን ያን ዕለት ከሚኖርበት ከሬድመንድ ዘግይቶ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ትልቅ ሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ለቆ የአባቱን ቤት ሊያዘምን ነው አሉ።

አዘመነው። አንድ ሰኞ ወጋሕታ ሥራ ስትገባ ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል። ሚስማሮቹ ብቻ ቀርተዋል። ብራያንን ፎቶዎቹስ ብላ ጠየቀችው። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ እንዲህ አላት፦

"ሶ ወጊ፣ የሞተ ሰው እያየ ማን ይበላል? ጣልኳቸው።"

ጣልኳቸው! አንድ ቃል። የገዛ አባቱም እዚያ ውስጥ አሉ እኮ። ወጋሕታ በጓሮ በር ሮጣ ወጣች። የቆሻሻ መኪናው ገንዳውን ገልብጦ መሄዱ ነበር። ገንዳው ውስጥ ገብታ የቀረውን በእጇ ቆፈረች፤ የረጠበ ካርቶን፣ የተሰበረ ብርጭቆ። ገንዳው ጥግ ላይ አንድ ክፈፍ ብቻ ተሰንቅሮ ተርፏል።  አውጥታ በሽርጧ ጠረገችው። ተስፎም አይደለም። ወተት የሚጠጣው ልጅ ነው።

እዚያው ቆሻሻ መሃል ቆማ ያንን ልጅ ስታየው ቆየች። ከዚያ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ እጇን ታጠበች፣ ገብታ ሥራዋን ቀጠለች። እሪ ያላለችው ፈርታ እንዳይመስላችሁ። እናቷ ስትተርት "ቂም ያደረ እንጀራ አይደለም፣ ቢሰነብት አይሻግትም" ትል ነበር።

ብራያን በባዶው ግድግዳ ላይ ምን ሰቀለ መሰላችሁ? ፎቶ! አየርላንድ ውስጥ የኖሩ፣ ማንም የማያውቃቸው፣ ከኢንተርኔት በጅምላ የተገዙ ሽማግሌዎች። የራሱን ሙታን ጥሎ የሰው ሙታን ገዛ። ቤቱን አረንጓዴ ቀባው፣ ወለሉን አንጸባረቀው፣ ቢራው የሚረጋበት ጊዜ እንዳይባክን በሚል ባንዴ ይቀዳ አለ። የቀሩትን ደንበኞች ደግሞ አላባረራቸውም፤ የሚቀመጡበትን ወንበር ነው ያነሳው። አንድ ባንድ ቀሩ። የአንድ ብርጭቆ ዋጋ ሲሰማ ክሬን ነጂው ሚክ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ብርጭቆውን ሳይቀምስ መልሶ ገፍቶለት ወጣ።

ታዲያ የታደሰው ቤት ሊመረቅ ሲቃረብ ብራያን ወጋሕታን ለብቻዋ ጠራት። ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር ሁለተኛ ቤት የሚከፍቱለት ባለሀብቶች ለምርቃቱ ይመጣሉ። አስጌጡ የተባሉት ባለሙያዎች ቤቱ ነፍስ ይጎድለዋል ብለውታል። ስለዚህ እነዚያ ሽማግሌዎች ለአንድ ምሽት መጥተው ባንኮኒው ጋ ቢቀመጡ፣ ትንሽ ቢያወሩ፣ ቢራው በነጻ ነው። እሷ ሁሉንም ታውቃቸው የለ?

"ለሁሉም ኮል አድርጊላቸው" አላት።

 ሰዎቹን አውጥቶ ጥሎ አሁን ለጌጥ ይፈልጋቸዋል። ወጋሕታ ልትናገር ያሰበችውን ሁሉ ዋጠችና ረጋ ብላ መለሰች።

"ኦኬ። እደውላለሁ።"

ደወለች። መጀመሪያ ሚክ ጋ። አንስቶ እንደ ወጉ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ።

"ብራያን" አለችው።

መቼ፣ አላት ደንግጦ።

"ቆይቷል። እሱ ገና አልሰማም።"

ሚክ ገባው። የቀብር ኮቴን አወጣለሁ አላት። ለሌሎቹም እንዲሁ ደወለች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ጥቁር ልበሱ። ማታውን ደግሞ የእድሯን እናት የኔነሽን አነጋገረች። የኔነሽ ለቅሶ ላይ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ የምታስለቅስ ሴት ናት። ለቁም ሰው አልቅሼ አላውቅም፣ እግዜርም አይወደው ብላ ስታንገራግር ቆየች። የተስፎም ፎቶ የት እንደገባ ስትሰማ ግን ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

የምርቃቱ ቀን ገና ሳይመሽ ቤቱ ሞላ። ከሬድመንድ የመጡ ወጣቶች፣ ባለሀብቶቹ፣ የምግብ ፎቶ እያነሱ ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፉት ሁሉ አሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ክራቫት፣ ቆብ በእጅ። ብራያን ፊቱ በራ፤ አምሮባቸው መጡ፣ ይኸው የድሮው ወግ ይህ ነው እያለ ለባለሀብቶቹ ያስረዳል። እሰይ! ይህችን ደስታውን ወጋሕታ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ጠጣቻት።

ሚክ ወንበር ላይ ወጥቶ ሰዓቱን አቆመ። አንዱ መስኮት ከፈተ። የእድሩ ሴቶች ገብተው የሚያብረቀርቁትን መስተዋቶች በነጠላ ሸፈኑ። እንግዶቹ ትርዒት መስሏቸው ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ፣ ያጨበጨበም አለ። ከዚያ የኔነሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ደረቷን ይዛ አወረደችው፦

"ሙት እንኳ ያርፍና አፈር ይቀልለዋል፣
ቆሞ የሞተን ሰው ማን አፈር ያለብሰዋል?"

ቃሉን የተረዳ ፈረንጅ የለም። ድምፁን ያልተረዳ ግን አልነበረም። ስልኮቹ ወረዱ። አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች፣ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ ተሰለፉ። ተራ በተራ ብራያን ፊት እየቀረቡ እጁን ጨበጡ፤ እግዜር ያጽናህ፣ ደግ ልጅ ነበር፣ አባቱ በጣም ይወዱት ነበር። ብራያን እየሳቀ መጨበጥ ጀመረ፣ ሳቁ መሃል መንገድ ላይ ከዳው። ማን ነው የሞተው እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል። እነሱም ጨብጠውት ያልፋሉ። ባለሀብቶቹ ኮታቸውን ለበሱ፤ አንደኛው ሲወጣ በቀስታ፣ ሰው ሞቶብህ ሳለ ልናስቸግርህ አይገባም ነበር አለው።

ወጋሕታ ከቦርሳዋ ክፈፉን አወጣች። ከተገዙት ሽማግሌዎች አንዱን አንስታ መሬት ላይ አኖረችው። ሥሩ ያለው ሚስማር የተስፎም ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች። ልጁን እዚያ ሰቀለችው። ጥቁሩን ቢራ ግማሽ ድረስ ቀዳች፣ እስኪረጋ ጠበቀች፣ ሞላችው፣ ከፎቶው ሥር አኖረችው። 

ብራያን ቀረብ ብሎ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይሄ እኔ ነኝ" አለ።

"አይደለህም" አለችው። "እኛ የምናውቀው ይሄንን ልጅ ነው። ነፍስ ይማር።"

አውርጂው አላት። ወጋሕታ መንገዱን ለቀቀችለት።

"ማውረድ ታውቅበት የለ? አውርደው።"

እጁን ዘረጋ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ልጁ በወተት ጺም እየሳቀ ያየዋል። ብራያን እጁን መለሰና ከገዛቸው ውድ ወንበሮች በአንዱ ላይ ቁጭ አለ። ወጋሕታ ሽርጧን ፈትታ አጠፈች፣ ባንኮኒው ላይ አኖረች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከበሩ ላይ ዞር ብላ፣ "ለሰልስቱ እንመጣለን" አለችው። "ከዚያ ደግሞ ለአርባው።"

ለሰልስቱ መጡ፤ በሩ ፊት ቆመው ዋሉ፣ ሊገባ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ እግዜር ያጽናችሁ እያሉ ሸኙት። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ለአርባው ሲመጡ በሩ ተቆልፎ መስታወቱ ላይ የሚከራይ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዝናቡ ያካፋል። ሽማግሌዎቹ በቀብር ኮታቸው እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሙ።

"ይበለው!" አለች ወጋሕታ። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ደገመችውም።

ማንም አልሳቀም። ሚክ ቆቡን በእጁ እያዟዟረ፣ እንግዲህ የኔ ፎቶ የት ነው የሚሆነው ብሎ ጠየቀ።  ወጋሕታ ዞራ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች። የተገዙት ሽማግሌዎች በሙሉ ተነስተው ሄደዋል፣ ወንበሮቹም የሉም። ብራያን አንዱን ፎቶ ብቻ ትቶታል። የተስፎም ሚስማር ላይ ያ ልጅ ወተቱን ይዞ ይስቃል። በሩን ገፋ አደረገችው። ግድግዳው ከውስጥ ነው፣ ቁልፉ ብራያን ጋ ነው።