ላስቲክ የለበሰው ኪፍ

በከታማ ተራሮች ከእኔ በላይ ኪፍ፣ ያንን ሐሺሽ የሚሠራበትን ተክል፣ የሚያውቅ ሰው ገና አልተወለደም። ዓይኔን ጨፍኜ ቅጠሉ ሲንሿሿ ብቻ ሰምቼ ለአጨዳ ስንት ቀን እንደቀረው እናገራለሁ። ሃዱም ይህንን አምኖ ነው የተከተለኝ።

ሃዱ የእህቴ የያምና ባል ነው። ኪፍ በመዝራቱ የእስር ማዘዣ ወጥቶበት አሥራ ስድስት ዓመት ከተራራው አልወረደም። ጥርሱን ሲያመው በጉጠት የነቀልኩለት እኔ ነኝ፤ አራት ጥርስ በአንድ ትንፋሽ። ያምና አንድ ነው ትላለች። ምሕረት ተደርጎ ኪፍ በፈቃድ መዝራት ሲቻል፣ ሃዱ ከእንግዲህ ከፈቃድ ወረቀቱ ውጭ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ እንደማይጥል በልጆቻቸው ምሎላት ወረደ። ምርቱን የሚረከበው የገበሬዎች ማህበርም የመጀመሪያ ምርቱ ግማሹ እንኳ ተቀባይነት ካላገኘ ፈቃዱ እንደማይታደስ በግልጽ ነገረው።

የአገራችን ኪፍ በየካቲት ይዘራል፣ በነሐሴ ታጭዶ ጣሪያ ላይ ይደርቃል። እኛ ዘንድ ነሐሴ በጋ ነው፤ የጥቅምት ዝናብ ሳይደርስበት ያልቃል። እኔ ግን የባሕር ማዶውን ዘር አስመረጥኩት።

«አበባው የእኔን ክንድ ያህላል» አልኩት።

«መቼ ይደርሳል?»

«ጥቅምት።»

«ጥቅምት እኮ ጉም ነው፣ ሙሐንድ።»

«ጉሙን ለእኔ ተወው።»

መስከረም ላይ ቁመቱ ከመስጊዱ ሚናራ ትንሽ ነው ያነሰው። ከሦስት መንደር ሰው እየመጣ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። ሃዱም «አማቼ ነው የመረጠው» ይላል፤ እኔ ደግሞ ያልሰማሁ እመስላለሁ።

ጥቅምት ሲገባ ጉሙ ከባሕሩ ወጥቶ እላያችን ላይ ተቀመጠ። ብርዱ አጥንት ይበላል። ጠዋት ጠዋት አበባው ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ዝናብም ተጨመረ። እኔ ምን ቸግሮኝ፣ ቲማቲም ከሚያለሙ ሰዎች ላስቲክ ገዝቼ በሁለት በቅሎ አስጭኜ መጣሁ። እንጨት ተክዬ ማሳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እስከ መሬት ድረስ አለበስኩት። ቀን ከሌት የሚሠራ አንድ ሻለቃ ጦር በሳምንት አይጨርሰውም፤ እኔ በአንድ ቀን።

ያምና እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። «ያልበዋል እኮ።»

«ሞቆት ነው።»

«ልብስም ሲታፈን እንዲህ ነው የሚሸተው።»

«ልብስና ኪፍ አንድ ነው እንዴ አንቺ?»

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሃዱ ላስቲኩን ገልጦ ትልቁን አበባ ፈለቀቀው። ውጪው አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ቡናማ ሆኖ እንደ አመድ ያለ ዱቄት ቦነነ። ቀጥሎ ያለውን ከፈተ። ያም እንደዚያው። ወደ እኔ ሳይዞር «ሻጋታ» አለ።

ድሮ የሄሊኮፕተር ድምፅ ስንሰማ ይህን የሚያህል ማሳ ባንድ ሰዓት አጭደን እንሰወር ነበር። አሁን ግን ሕጋዊ ነን፤ የማህበሩ መዛኝ ሳይቆም ማጨድ አይቻልም። ደወልንለት።

«መንገዱ ተንዷል» አለ ዙሃይር፣ መዛኙ። «ሐሙስ እደርሳለሁ።»

«እስከ ሐሙስ ምኑ ይተርፋል?»

«ከነካችሁት ሰርቃችሁ እንደሸጣችሁት ነው የሚቆጠረው። እኔ ምን ላድርግ፣ አቶ ሃዱ?»

ላስቲኩን ገፈፍነው። ነፋስ የለም። ጉሙ ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ላይ ተኛበት። ያምና ግንዱን እየነቀነቀች ውሃ ታራግፋለች፤ እኔ የሻይ ትሪ ይዤ አበባ ሳራግብ ዋልኩ።

«አራግብ፣ መሐንዲሱ» አለኝ ሃዱ። «በርታ፣ ሊነጋልን ነው።»

በማግሥቱም አራገብኩ። በሦስተኛው ቀን ግራጫው ከውስጥ ወደ ውጪ ወጥቶ ከሩቅ ይታይ ጀመር። ትሪውን ግን አላስቀመጥኩም፤ ካስቀመጥኩት በእጄ ምን ልይዝ ነው?

ሐሙስ ዙሃይር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። እያጨድን፣ እሱ እያንዳንዱን አበባ እየከፈተ ሁለት ቦታ ከመረው። አንደኛው ክምር ያምና በቀሚሷ የምትታቀፈውን ያህል ብቻ ነበር።

«ይሄን እቀበላለሁ። ያንን እያየሁ አቃጥሉት።»

ርጥብ ነውና እምቢ አለ። ሁለት ፓኮ ክብሪት ጨረስን፤ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ብቻ ነው የወጣው። ዙሃይር በጭሱ ውስጥ ቆሞ ጻፈ።

«ፈቃዱስ?» አለችው ያምና።

«ግማሽ አልሞላም፣ ወይዘሮ ያምና። ታውቂያለሽ።» ያቀረብንለትን የባቄላ ሾርባ ጠጥቶ፣ አላህ ይተካላችሁ ብሎ ወረደ።

ሃዱ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከግድግዳው ስርጉድ የድሮውን ዘር የያዘ ቆርቆሮ አወጣና ኪሱ ከተተ፤ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከዝግባዎቹ በላይ፣ ወረቀት ወደማይደርስበት ወደ ድሮው ድብቅ ማሳ መውጣት ጀመረ። በልጆቹ የማለውን ትቶ ለየካቲት ዘር ከአሁኑ ሊመነጥር ነው።

«ጥራና መልሰው» አለችኝ ያምና። «አንተ ስትናገር ይሰማሃል።»

እኔ ከሦስት ገበያ ሰው ጋር ባንዴ ተከራክሬ ያሸነፍኩ ሰው ነኝ። «ሃዱ» ብዬ ተጣራሁ።

«አቤት» አለ ከጉሙ ውስጥ።

ያምና አፌን አፌን ታየኛለች።

«መንገዱ ያዳልጣል» አልኩት።

 ጥቂት ቆይቶ ከላይ የዶማው ድምፅ ተሰማ።