ሞቶ የተሞሸረው ዶክተር

ልብስ ሰፊዋ ግራ ተጋብተው ሰንብተዋል። በሚከታተሉት ድራማ ላይ ዶክተሩ ሞቶ ተቀብሮ፣ እሳቸውም ከሚስቱ እኩል አልቅሰው ወጥቶላቸው ነበር። በማግስቱ ያው ዶክተር ሽክ ብሎ፣ ሙሽራ ሆኖ ብቅ አይል መሰላችሁ! በሳልስቱ ደግሞ ታሞ አልጋ ይዟል። መነጽራቸውን ወለወሉ። መነጽሩ ምን ያድርግ?

ለሰው ትንፍሽ አላሉም። ነርሷ ልጃቸው "እማዬ፣ እየረሳሽ ነው" ማለት ከጀመረች ቆየች። ማታ ማታ እየደወለች "ዛሬ ድራማው ላይ ምን ተፈጠረ?" ትላቸዋለች። ጨዋታ አስመስላ መፈተኗ መሆኑ አልጠፋቸውም። መልሱ ከተምታታባቸው ቤታቸው ተዘግቶ እሷ ዘንድ መግባታቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከዚህ ቤት ንቅንቅ ማለት አይፈልጉም።

"ዛሬስ?" አለች።

"ዶክተሩ ሊያገባ ነው።"

"ሞተ አላልሽኝም እንዴ?"

"ሞቷል" አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ?

ልጅቱ ቆረጠች። "እሑድ መጥተን ዕቃሽን እንሸክፋለን፣ እማዬ።"

እሑድ ዕለት ልጅቱ መኝታ ቤት ገብታ ካርቶን ማሸግ ጀመረች። ቴሌቪዥኑን ሊነቅል የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ የወንድማቸው ልጅ ነው። ድራማውን ባላቸው ከቴሌቪዥን በፍላሽ ቀድተው፣ አብረን እናየዋለን እንዳሉ ሳያዩት ሞቱ። በተራ እንዲታዩ ብሎ የፋይሎቹን ስም በቀደም ያስተካከለላቸው ይኸው ልጅ ነበር።

"ከመንቀልህ በፊት አንዴ እይልኝ" አሉት አፍረው። "ይሄ ሰውዬ በሕይወት አለ ወይስ የለም?"

ልጁ ትንሽ አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ላፕቶፑን ከፍቶ ድሮ የነበሩትን ስሞች ሲያይ ግንባሩን ያዘ።

"ጉድ ሠርቼሻለሁ፣ አክስቴ! ሰው ሁሉ መጀመሪያ ምዕራፉን፣ ቀጥሎ ክፍሉን ነው የሚጽፈው። ባልሽ ጋሼ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክፍሉን ያስቀድም ነበር። ስሞቹን እንዲቀይር የጻፍኩት ፕሮግራም ይሄን በምን ይወቅ? የሦስተኛውን ምዕራፍ ሰባተኛ ክፍል፣ የሰባተኛው ምዕራፍ ሦስተኛ ክፍል አድርጎት አረፈ። መጨረሻውን ያሳይሽና ወደ መጀመሪያው ይመልስሻል።"

"ታዲያ ዶክተሩ?"

"መጀመሪያ አገባ፣ ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ ሞተ።"

"እኔስ? ጤነኛ ነኝ?"

"አንቺማ ያየሽውን ነው የተናገርሽው።"

ልብስ ሰፊዋ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ሳቃቸውና ዕንባቸው አንድ ላይ መጣ፤ በሁለት እጃቸው የልጁን ጆሮ ይዘው ጎተቱት። "አንተ የማትረባ! ላብድልህ ነበር እኮ!" እንዲህ ደስ ካላቸው ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል።

"በይ ሂጂ፣ ንገሪያት" አላቸው እየሳቀ።

ብድግ ብለው ወደ መኝታ ቤቱ ነጎዱ። ልጃቸው ጀርባዋን ሰጥታ ልብሳቸውን እያጠፈች ነበር። በሩ ላይ ቆም አሉ። በእግራቸው ጣት ተመለሱ።

"አንተው ንገራት" አሉት በሹክሹክታ። "እኔ ብነግራት አታምነኝም።"