አመድ የገባበት አርማታ

ሀይማኖት የመሐል ሜዳ ልጅ ናት፤ መሐንዲስ ሆና ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ትምህርት ቤት ልታሠራ ስትመጣ፣ አገሬው በምን ቢነገረው እንደሚገባው ታውቃለች።

«ሲሚንቶ የሚሠራው ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ ነው» አለች በቀበሌው ጉባኤ። «ያ ሁሉ ጭስ ሰማይ ላይ እየተከማቸ ዓለሙን ያሞቀዋል፤ በልጋችንን ከሚያዛቡት አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ከሲሚንቶው ሲሶውን ትተን እሳተ ገሞራ የተፋውን አመድ ፈጭተን እንተካለን።»

«ቤት በአመድ?» ያለው ብዙ ነበር። የተነሡላት የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አጥናፉ ናቸው፤ ንግግር የሚወዱ፣ ቁጣ የሚቀናቸው ሽማግሌ።

«የበልግ ገብስ ካየን ስንት ዘመን ሆነን? ልጅቱ ተምራ የመጣችውን ካልሰማን ማንን ልንሰማ ነው? እኔ ዋሷ ነኝ!» አሉ። በዚያው ተወሰነ።

አመድ የገባበት አርማታ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው፤ በመንዝ ቁር ደግሞ ይብስበታል። የበረንዳውን ጣሪያ የሚሸከመው አግዳሚ አርማታ፣ ቢሙ፣ እንደተሞላ ሀይማኖት ግንበኛውን ቴዎፍሎስን «ከሥር የቆሙት አጣናዎች ወር ሳይሞላቸው እንዳይነኩ» ብላ አስጠነቀቀችው። ቢሙን ውርጩ እንዳይጎዳው አገሬው ጭድ ተሸክሞ መጣ። ጭዱ አልበቃ ሲል ሴቶቹ ከየመኝታቸው የሱፍ ባና ገፈው አለበሱት። «እኛ እንብረድ፣ እሱ ይሙቀው» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር።

ወሩ ገና ሳይጋመስ አለቃዋ ከመሐል ሜዳ ቢሮ ደወለ። እንግዶች ሊመርቁ ይመጣሉ፤ ከደብረ ብርሃን ካሜራም ይመጣል፤ በረንዳው በአጣና ታጭቆ ባይታይ ደስ ይላል። «ይቻላል?» አላት። አላስገደዳትም፤ ይህን በኋላ ደጋግማ አስባዋለች። እሷ ግን ፎቶግራፉን ቀድማ አየችው፦ የጠራ በረንዳ፣ ከፊቱ እሷ።

«ይቻላል» አለች።

ቴዎፍሎስ ደነገጠ። «ወር ይሙላው ብለሽ አልነበር?»

«እኔ ያልኩትን እኔ ለወጥኩት። አንሣው!»

በምረቃው ዕለት ጠዋት ሴቶች በረንዳውን ሊጠርጉ ገቡ። ቢሙ ተንቋቋ፤ ወዲያው መሐሉ ረገበ። ሴቶቹ እየተጯጯኹ ወጡ። የመጨረሻዋ የአቶ አጥናፉ ምራት ጥሩሸዋ ነበረች፤ የተገመሰው አርማታ ቀኝ ክንዷን መታት። በቃሬዛ አውጥተው በመኪና ወደ መሐል ሜዳ ላኳት።

እንግዶቹ ሲደርሱ አቧራው ገና አልሰከነም። «ምን ሆኖ ነው?» አለ አለቃዋ።

«አመዱ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን?» አለ አንዱ ከሰዉ መሐል።

ዓይን ሁሉ ወደ ሀይማኖት ዞረ። ቴዎፍሎስ አያት፤ እንጀራው በእሷ እጅ ነውና ዝም አለ። አቶ አጥናፉም አዩዋት። አፏን ከፈተች።

«ይጣራል» አለች። ያችው ናት ቃሏ።

ከዚያ ወዲያ አቶ አጥናፉ «አቶ አመዱ» ተባሉ። የገዛ ልጃቸው «ሚስቴን ያሰበሯት እርስዎ ነዎት» አላቸው። ሰብሳቢነቱን ሲለቁ «ድሮም እጄ አመድ አፋሽ ነው» ብለው ነበር አሉ። ሀይማኖት ይህን ሰማች። የሞላሌ ሰው በገበያ ካየች መንገድ ትቀይር ጀመር።

አንድ ቀን ራቤል ከተማ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት የምታሠራው የሥራ ባልደረባዋ ማርያማዊት ደወለች። «ተመስገን፣ በጊዜ ነቃን! እኛም አመዱን ትተን ጤና ጣቢያውን በሙሉ ሲሚንቶ ሞላነው። ትምህርት ቤቱንም እንዲሁ ልናደርገው ነው። አንቺ ቀድመሽ ባትቀምሺልን ጉዳችን ነበር» አለች፤ አመስግናትም ዘጋች።

ሀይማኖት ስልኩን እንደያዘች ፊቷ ነደደ። ለጥፋቷ ምስጋና ተቀበለች! ሳያስፈልግ የፈሰሰው ሲሚንቶ፣ ለእሱ የነደደው ሁሉ፣ ከዚያች ከአንዲት ቃሏ የመጣ ነበር።

እሑድ በሚኒባስ ወደዚያችው ቀበሌ ወረደች። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ሲሰበሰብ ቆመች።

«ጥፋቱ የአመዱ አይደለም፤ የእኔ ነው። አጣናውን ያለጊዜው ያስነሣሁት ለፎቶግራፍ ብዬ ነው።»

ቀድማ የተናገረችው ዘነበች የምትባል ሴት ናት። «ታዲያ ባናችንን ለምን አስገፈፍሽን? ልጆቼ በቁር አድረዋል እኮ።»

ሀይማኖት መሬት መሬት አየች።

«ስትጠየቂ ፊት ለፊትሽ ነበርኩ» አሉ አቶ አጥናፉ። «በዓይኔ ለመንኩሽ።»

«አይቼዎታለሁ፣ ጋሼ።»

«አየሽኝ!» አንድ እርምጃ ቀረቧት። «ለእኛ መናገርማ ቀላል ነው፤ እኛ ምን እናደርግሻለን? ነገ እዚያው ቢሮሽ ትደግሚዋለሽ። እኔም አለሁ።»

በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው መጡና አለቃዋ ፊት ተቀመጡ። እሷ እንደ ቆመች ሁሉንም ደገመችው። ከግንባታ ሥራ ተነሥታ ሌላ ክፍል ተመደበች። ማርያማዊት የራቤልን ትምህርት ቤት ወደ አመዱ መለሰችው፤ የጤና ጣቢያው ግን አንዴ ተሞልቷልና የሚመለስ ነገር አልነበረም።

የሞላሌውን በረንዳ ሌላ መሐንዲስ በዚያው በአመድ አርማታ አስደገመው። አጣናው ፋሲካ እስኪያልፍ ቆመ። ሲነሣ ቢሙ ንቅንቅ አላለም። አቶ አጥናፉም በልመና ወደ ሰብሳቢነታቸው ተመለሱ፤ ቅጽል ስማቸው ግን እንደተጣበቀ ቀረ።

በአዲሱ ምረቃ ሀይማኖት አጥሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ጥሩሸዋ አየቻትና መጣች። ቀኝ ክንዷ አልዘረጋ ብሏት ግራዋን ሰጠቻት።

«ምነው ደጅ ቆምሽ? ግቢ እንጂ።»

ሀይማኖት የተዘረጋላትን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ይቅር በይኝ» ልትል አስባ መጥታ ነበር፤ ሳትለው ቀረች። ጥሩሸዋ እየመራች አስገባቻት። በረንዳው ሥር ሲያልፉ ሰው ሁሉ ቀና እያለ ቢሙን ያደንቃል። ሀይማኖት ግን ቀና ማለት አቃታት።