የእናት እጅ ስንት ኪሎ ነው

«እማ፣ አሁን የወጣሁት በራሴ ነው ወይስ አንቺ ነሽ ያወጣሽኝ?»

አያንቱ ይህን የጠየቀችው ከቧንቧው ወርዳ መዳፏን ቱታዋ ላይ እየጠረገች ነበር። እናቷ አበዛሽ የልጇን እግር ይዛ እንደነበር ታውቃለች፤ ምን ያህል እንዳነሳቻት ግን አታውቅም።

«እንጃ ልጄ፣ ነካ ነው ያደረግኩሽ» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ዞረች።

አበዛሽ አዳማ ውስጥ ሽንኩርት ታከፋፍላለች። ከመቂ በአይሱዙ የሚመጣላትን ጆንያ ግቢዋ ውስጥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ትደረድራለች፤ ቸርቻሪዎቹ እዚያው መጥተው እያስመዘኑ ይወስዳሉ። በዳሱ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ወፍራም የውሃ ቧንቧ በአግድም ተበይዷል። ሸራ ሊወጠርበት ነበር የተሠራው፤ ከክረምት ወዲህ ግን አያንቱ ትንጠለጠልበታለች። ለእሳት አደጋ ሠራተኛነት ልትወዳደር ተመዝግባለች፤ ካለፈች ለሥልጠና ከአዳማ ትወጣለች። ሩጫው አላስጨነቃትም፤ አሸዋ ተሸክሞ መሰላል መውጣቱም እንደዚያው። የጨነቃት ማንም ሳይነካት ብረት ይዛ ራሷን መሳቡ፣ አገጯን ከብረቱ በላይ ማውጣቱ ነው። እዚያ ላይ የወደቀች፣ ሌላውን ሁሉ ብታልፍም ትቀራለች ተብሏል።

ከእሷ ጋር ተመዝግባ አብራት የምትለማመደው የጎረቤት ልጅ ዙለይካ ናት። ሁለቱ እየተፈራረቁ ይንጠለጠላሉ፤ አበዛሽ ከሥር ቆማ የልጇን እግር ትይዛለች። አባትየው ደገፋ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጂቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ስለሆነ፣ ልጅቷን ብቻዋን አሳደገቻት ማለት ይቻላል። ልጇ ከመሬት ከፍ ባለች ቁጥር የምትወድቅ ይመስላታል። የእሳቱን ነገርማ ማሰብም አትፈልግም።

«እትዬ አበዛሽ» አለች ዙለይካ ያን ዕለት፣ «እርስዎ እኮ ሊፍት ነዎት። የፈተናው ቀን ይዘንዎት እንሂድ?»

«ዝም በይ አንቺ። ጣቴን ነው ያስነካኋት።»

«እንግዲያው ጣትዎ ጆንያ ያነሳል።»

አያንቱ አልሳቀችም። ጆንያ የሚመዘንበትን የመሬት ሚዛን ከጥግ ጎትታ ከቧንቧው ሥር አስቀመጠችው።

«እማ፣ ጫማሽን አውልቂና ውጪበት።»

አበዛሽ ወጣች። መርፌው ስልሳ አምስት ላይ ቆመ። አያንቱ ተንጠለጠለች፤ እናቷ እንደ ወትሮዋ ያዘቻት፤ አገጯ ከቧንቧው በላይ ወጣ። ዙለይካ ተንበርክካ መርፌውን አየች።

«ስንት ነው?» አለች አያንቱ ከላይ።

«ዘጠና።»

አበዛሽ ጎንበስ ብላ ራሷ አየችው። ሃያ አምስት ኪሎ። በሰው ሽንኩርት ላይ አንዲት ፍሬ ሳታጎድል፣ አንዲት ፍሬ ሳትጨምር ስትመዝን የኖረች ሴት፣ ለገዛ ልጇ ሩብ ኩንታል ስታነሳላት አላወቀችም።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ሥራ ተከፋፈሉ። አያንቱ ክንዷን ልታጠነክር፣ አበዛሽ እጇን ልታለዝብ። አያንቱ በርጩማ ላይ ቆማ አገጯን ከቧንቧው በላይ ታደርግና ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ ደግሞ ትወጣለች፤ ደግሞ ትወርዳለች። መዳፏ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ደረቀ።

«ይሄን መዳፍ የጨበጠ ወንድ ድንጋይ ፈላጭ ናት ይላል» አለች አበዛሽ ቅባት እየቀባቻት።

«ይበል» አለች ዙለይካ። «ቤቱ ሲቃጠል ስልኳን ይፈልጋል።»

የአያንቱ ክንድ ታዘዘ። ያስቸገረው የአበዛሽ እጅ ነበር። ልጅቷ መሃል ላይ ቆማ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ የእናቷ እጅ ሳያማክራት ወደ ላይ ይገፋል፤ መርፌውም ይዘላል። «እማ» ትላለች አያንቱ ከላይ፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። አበዛሽ እንደገና ታለዝባለች። ዘጠና የነበረው ሰማንያ ሆነ፤ ከዚያ ሰባ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አመሻሽ ላይ፣ አያንቱ ተንጠለጠለች። «ጃባዱ፣ በርቺ» አለች ዙለይካ በኦሮምኛውም በአማርኛውም። አበዛሽ ሚዛኑ ላይ ቆማ መዳፏን ከልጇ እግር ሥር አድርጋለች። ልጅቷ መሃል ደረሰችና ቆመች።

ያን ጊዜ አበዛሽ ላይ ክፉ ሐሳብ መጣባት። አሁን ትንሽ ብትገፋ ማንም አያይም፤ ዙለይካ የምታየው አገጯን ነው። አያንቱም ቻልኩ ብላ ትሄድና ፈተናው ላይ ወድቃ ቤቷ ትመለሳለች። ከእሳትም ከሰው አገርም ትድናለች።

አበዛሽ እጇን ከልጇ እግር ሥር አወጣች። ወደ ኋላዋ አዙራ ጣቶቿን ቆለፈች።

አያንቱ ከእግሯ ሥር ባዶ መሆኑ ተሰማት። ለአፍታ አቃሰተች፤ ከዚያ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ፣ ክንዷ ታጠፈ፣ አገጯ ከቧንቧው በላይ ወጣ፤ እዚያው ቆየችም።

«ስልሳ አምስት» አለች አበዛሽ፣ ከአጥር ማዶ በሚሰማ ድምፅ። «ነይ እዪው ዙለይካ። ስልሳ አምስት። የኔ ብቻ ነው፤ እሷ የለችበትም።»

በማግስቱ ሽንኩርት ዋጋ የጠየቃት ቸርቻሪ ሁሉ፣ ዋጋውን ከመስማቱ በፊት የአያንቱን ነገር ሰማ።

በፈተናው ቀን አበዛሽ ከአጥሩ ውጭ ሆና አየች። ልጇ ብረቱን ያዘች፣ ወጣች፣ ፈታኙ በቃሽ እስኪላት ከላይ ቆየች። አበዛሽ አጠገቧ ለቆመችው የማታውቃት ሴት «የኔ ናት» አለቻት፤ ሴትየዋ ባትጠይቃትም። ዙለይካ ግን ጥቂት ሲቀራት ክንዷ ከዳት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ግንባሬ አልፏል» አለች። «አገጬ ነው የወደቀው።»

ሥልጠናው ሻሸመኔ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ የአያንቱን ሻንጣ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ አበዛሽ ከለከለችው።

«ተዋት። እሳት አደጋ ናት፤ ራሷ ትጭናለች።»

አያንቱ ሻንጣውን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወረወረችው። እናቷን ስማ፣ ዙለይካን አቅፋ ገባች። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ አበዛሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«እትዬ አበዛሽ» አለች ዙለይካ፣ «ከነገ ጀምሮ እኔን ይይዙኛል?»

«እይዝሻለሁ። ግን ሚዛኑ ላይ ቆሜ ነው።»

አያንቱ ሄደች። አበዛሽና ዙለይካ አዳማ ቀሩ።