ትንሿ ላፕቶፕ

ጂንግሩ የተሳሳተችው ላፕቶፕ ልትገዛ ስትሄድ ሁለት አክስቶቿን ማስከተሏ ላይ ነው። እሷ የፈለገችው በመጀመሪያ ደመወዟ የምትገዛትን፣ ማንም የማያዝባትን ርካሽና ትንሽ ላፕቶፕ ነበር። አክስቶቿ ግን ታይፔ ገበያ ውስጥ ካሉት ሁሉ ውዱን ካልገዛንልሽ ብለው ሱቁን ቀወጡት።

«እኔ ነኝ የምከፍለው!» አለች ታላቂቱ፣ የታናሿን ቦርሳ ጨምድዳ።

«እትዬ፣ በሞቴ! የባለፈውን ምሳ አንቺ ከፍለሻል!»

«ልቀቂ አልኩሽ! እኔ ከገዛሁላት በየእሁዱ እኔ ቤት መጥታ ነው የምትሠራበት።»

«አይ ያንቺ ነገር! እኔ ቤት እንጂ!»

ጂንግሩ እሁዶቿ ሲያልቁ ታያት። ሁለቱ ቦርሳ ለቦርሳ ሲጓተቱ፣ ሳቋ እያመለጣት የራሷን ገንዘብ ለሻጩ አቀበለች፤ ትንሿን ላፕቶፕ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣችና በሩን ዘጋችባቸው።