የእናቷ መተንፈሻ

እኔ ሰው ማባበል አላውቅበትም። እቃ ክፍሌ የገባ ጠላቂ፣ አለቃም ይሁን ጀማሪ፣ የሰጠሁትን ለብሶ ይወጣል። ያልተስማማው መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። እዚህ ወደብ ላይ የመጥለቂያ እቃ ስመርጥ፣ ስለካና ስጠግን አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በእኔ እቃ የተነሳ ራሱን እንኳ ያመመው ሰው የለም።

የእንጀራ ልጄ ግን ከሁሉም ትለያለች። አባቷን ካገባሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አንድ ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ለሰው ስታወራ "ሴትየዋ" ነኝ። ፊት ለፊት ስንገጣጠም ደግሞ ግድግዳውን ነው የምታናግረው። እኔም ብሆን አልወዳትም፣ ምን ልዋሽ? በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እናቷን የገደልኩባት ይመስል የምትገላምጠኝን ልጅ በምን ሆዴ ልውደድ?

ታዲያ የጠላቂነት ኮርሷን ጨረሰችና እኛው ዘንድ ተቀጠረች። ለመጀመሪያ ሥራዋ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣች። ከሌሎች ጠላቂዎች ጋር ሃያ ሁለት ሜትር ወርደው የመልሕቅ ሰንሰለት ሊፈትሹ ነው።

መነጽር ምረጪ ብላት ዓይኗ ሮዝ ፍሬም ያለው ላይ አረፈ።

"ማሰሪያውን ተዪው" አልኳት። "ፊትሽ ላይ ለጥፊና በአፍንጫሽ አየር ሳቢ። ከዚያ እጅሽን ልቀቂ።"

ለቀቀች። መነጽሩ ወደቀ፣ እኔ ቀለብኩት።

"ውኃ ያስገባል ማለት ነው። ሮዙን ደግሞ ዓሣ አያደንቅልሽም። ይሄን ሞክሪ።"

አሮጌው ጥቁር መነጽር ያለ ማሰሪያ ፊቷ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ደስ አላላትም፤ እኔ ስለመረጥኩት ነዋ! የጎማ ልብሱን ደግሞ እየተናነቀች ለበሰችና "ጠበበኝ" አለች ለግድግዳው።

"እንዲጠብ ነው የተሠራው። ሰፊ ከሆነ ውኃው እየገባ እየወጣ ሲያንቀጠቅጥሽ ይውላል።"

"ማነው አንቺን የጠየቀሽ?"

"ግድግዳው።"

ከንፈሯን ነከሰች። ለእግር መቅዘፊያው ቁጥሯን ነገረችኝ፤ አላመንኳትም፣ እግሯን ከነጫማው ለካሁት። ልክ መተንፈሻ ላወርድላት እጄን ስዘረጋ "የራሴ አለኝ" ብላ ከቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

መተንፈሻ ማለት የአየር ሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ታስሮ አየሩን በጎማ ቱቦ ወደ አፍ የሚያመጣው እቃ ነው። ይሄኛው የእናቷ ነበር። እናቷም ጠላቂ ነበረች፤ የሞተችው ግን አልጋ ላይ ነው፣ በሕመም። ከዚያ ወዲህ መተንፈሻው ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተኝቷል።

"በዚህ ነው የምወርደው።"

"አትወርጂም።"

"ይሠራል! ትናንት ከአባዬ ጋር ሞክረነዋል።" ሲሊንደር ላይ አሰረችው፣ ከፈተችው፣ አፏ ውስጥ ከትታ ሦስት ጊዜ ተነፈሰች። እውነት ነው፣ ይሠራል። "አየሽ?"

ቱቦው አንገት ላይ ያለውን ፕላስቲክ ሸርተት አድርጌ ጎማውን አጠፍኩላት። ስንጥቅጥቅ ብሏል። ከሲሊንደሩ ፈታሁትና ማጣሪያውን አሳየኋት፤ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

"እዚህ ወንበር ላይ ማንም ይተነፍሳል። ታች ቱቦው ከፈነዳ ሲሊንደርሽ በአንድ ሁለት ደቂቃ ባዶ ነው። እንዳልጠግነው መለዋወጫው መሠራት ካቆመ ቆየ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። "አልጋዋ ላይ ተኛሽ። ኩሽናዋን ቀለም ቀየርሽ። ፎቶዋን ከሳሎን አውጥተሽ ኮሪደር ላይ ሰቀልሽ። አሁን ይቺ ቀረችሽ?"

ቆሽቴ አረረ። ምን እንዳልኳት እንኳ አላስታውስም፤ ብቻ ጩኸታችንን ሰምቶ ባሌ ከጀልባው ወርዶ መጣ። የጀልባው ካፒቴን እሱ ነው።

"አንተ ነህ የፈቀድክላት?" አልኩት።

ጫማውን ጫማውን አየ። "አንድ ቀን ነው... የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፣ ትንሽ ደስ ይበላት ብዬ..."

"ደስ ብሏት ትሙት?"

"ኧረ አፍሽን ያዢ! ስጫት። እፈርማለሁ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው።"

እሱ ከፈረመ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም፤ ደንቡ ነው። ልጅቷም ታውቃለች፣ እጇን ዘረጋች። እኔም የቱቦ መቁረጫውን ከመሳቢያ አወጣሁና የአፉንም የአየር መለኪያውንም ቱቦ እዚያው ዓይናቸው እያየ ቆረጥኳቸው።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ተንበርክካ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ለቀመችና በፎጣው ጠቀለለቻቸው። "አንቺ ሴት ልብ የለሽም" አለኝ ባሌ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ካሉኝ ሁሉ አዲሱን መተንፈሻ አሰርኩላት።

"ስትተነፍሺ የአየር መለኪያውን ቀስት እዪ። ከተንቀጠቀጠ ሲሊንደሩ በደንብ አልተከፈተም።"

አየች። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ተሸክማ ወጣች።

ውኃ ውስጥ አርባ ደቂቃ ቆየች። የማልወዳት ልጅ ናት አልኳችሁ አይደል? ፈራሁላት። ሰዓቱን እያየሁ አንዱን መነጽር አራት ጊዜ አጠብኩት።

ስትመለስ ፀጉሯ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። እቃዋን ሁሉ በንጹሕ ውኃ አለቅልቃ በየቦታው ሰቀለች። ከዚያ ፎጣውን ፈታችና ከቁርጥራጮቹ አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። በቢላ ለሁለት ተሰንጥቋል።

"አባዬ ከፍቶ አሳየኝ" አለች። "ውስጡ በእጅ ይፈረፈራል። ልክ ነበርሽ።"

ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

"ግን ስትቆርጪው ፈገግ ብለሻል። አይቼሻለሁ።"

ሁሉንም ስነግራችሁ ይህችን ዘልያታለሁ። መቁረጫው ጎማውን ሲያልፍ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ልጅቷን ማዳኔ ትዝም አላለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቴ እንግዳ ያደረገችኝን እናቷን አገኘኋት ብዬ ነው የቆረጥኩት።

"ፈገግ አላልኩም" ልላት አፌን ከፈትኩ። ውሸት ስለሆነ መልሼ ዘጋሁት። እሷ ቁራጩን አንስታ ፎጣዋ ውስጥ መለሰችና ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።