ማን ይቅደም?

ኡሚ ቀዩንና ቢጫውን የቃጫ ገመድ እንደ ሹሩባ እየጎነጎነች ሳለ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። «የዘረመል አርትዖት ማሳያ። አዘጋጅ፦ መምህርት ፀዳለ ኃይሌ» ይላል። የእሷ ስም የለም።

እጇ ባለበት ቀረ። የቡታጅራ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውድድር ተጀምሮ ዳኞቹ ከወዲያኛው ረድፍ እየመጡ ነው። ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ሥራውን ያሳያል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ኅዳር ነበር። ሁለት ሴት ሳይንቲስቶች ዘረመልን በተፈለገው ቦታ ቆርጦ ማስተካከያ ዘዴ በማግኘታቸው ትልቅ ሽልማት መሸለማቸውን ሁለቱ የባዮሎጂ መምህራን፣ ኡሚና ፀዳለ፣ ሰሙ፤ ይህን ለተማሪ እንዴት እናስረዳው ብለውም ተነሡ። ፀዳለ ዘረመልን የሚወክለውን ገመድ ከእንሰት ቃጫ ሠራች፤ ቆራጩ ደግሞ መቀስ ሆነ። መቀሱን የሚቆረጠው ቦታ ድረስ የሚያደርሰውን አጭር መሪ ክር ያሰበችው ግን ኡሚ ናት። ያለ እሱ መቀሱ የት እንደሚቆርጥ አያውቅም።

«እትዬ ፀዳለ፣ የኔ ስም የታለ?»

ፀዳለ ዓይኗን ሰበረች። «ርዕሰ መምህሩ የማን ሥራ ነው ሲሉን ‹የእሷ ነው› ያልሽው አንቺው አይደለሽ?»

ብላለች። በዕድሜ የምትበልጣት ፀዳለ አጠገቧ ቆማ ሳለ «የኔ ነው» ማለት ኡሚ አላደገችበትም። ወንበር ሲለቁልህ «ኧረ አንተው ተቀመጥ» ትላለህ፤ ያም መልሶ ይለምንሃል። ኡሚም ፀዳለ «ኧረ የሁለታችን ነው» እስክትል ስትጠብቅ ፀዳለ ፈገግ ብላ ዝም አለች፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ደበሌም የፀዳለን ስም ብቻ ጻፉ። እንዲህ ያለው ጨዋነት ገደል ይግባ!

«ትመልሽልኛለሽ ብዬ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ፀዳለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አዲስ አበባው አጓጓኝ።»

ኡሚ ተናደደች፤ ከንዴቷ ይልቅ ግን ሐዘኗ ባሰ። አራት ወር ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ደክመዋል።

አቶ ደበሌ ጭቅጭቁን ሰምተው ጠጋ አሉ። «ኡሚዬ፣ በሰው ፊት አታዋርጂን። በሚቀጥለው ዓመት ተራው ያንቺ ይሆናል።»

«እነዚያ ሁለት ሴቶች የተሸለሙት በተራ አይደለም፣ ጋሼ ደበሌ። አብረው ነው።»

ሌላ ነገር ሊሏት ሲሉ ከዳኞቹ አንዱ ደረሱ። ገመዱን ነካ ነካ አደረጉ፣ መሪውን ክር አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«ይቺ ናት ዋናዋ ነገር። የማን ሐሳብ ናት?»

ኡሚ የለመደችው መልስ ምላሷ ላይ መጣ፤ ዋጠችው።

«የኔ ናት። ሥራው ደግሞ የሁለታችን ነው።»

ዳኛው ወረቀቱን አዩ፣ ቀጥሎ ፀዳለን። «እውነት ነው?»

አቶ ደበሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፀዳለ ወደ እሳቸው አላየችም። «እውነት ነው» አለች።

«እንግዲያው ሁለታችሁንም እጽፋለሁ» አሉ ዳኛው እስክሪብቶ እያወጡ። «ማን ይቅደም?»

«እሷ ትቅደም» አለች ፀዳለ ቶሎ ብላ።

አሁን ተራው የኡሚ ነው። «ኧረ በፍጹም፣ አንቺ እያለሽ!» እንድትል ፀዳለም አቶ ደበሌም ጠበቁ።

«ኡሚ ሙስተፋ ብለው ይጀምሩ» አለች ኡሚ።